በሳቪኖ ሙት ዓመት የቀረበው ዓሣ

ኢንኮሮናታ የምግብ ቤቷን በር ለማንም ትከፍታለች፤ ለካኒዮ ብቻ አትከፍትም ነበር። ካኒዮ የሟች ባሏ የሳቪኖ ታላቅ ወንድም ነው። ቩልቱሬ ተራራ ሥር ለምንኖር ሰዎች መኳረፍ ብርቃችን አይደለም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰው ሁሉ ዘመድ ነው፣ አንዱ ከሌላው በወሰን ወይም በውርስ ሳይጣላ አያረጅም። የእነዚህ የሁለቱ ግን ሌላ ነበር። እሷ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካየችው ተመልሳ ገብታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ እስኪርቅ አትወጣም። እሱ ደግሞ በምግብ ቤቷ ደጃፍ ሲያልፍ ቆም ብሎ መሬት ላይ ይተፋል፤ እሷ በመስኮት እያየችው፣ ቀስ ብሎ፣ ሥራዬ ብሎ።

እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ ዶናቶ ይሉኛል። ለሁለቱም ዳቦ የምሸጠው እኔ ስለሆንኩ የሁለቱንም ስድብ ስሰማ ኖሬያለሁ። ጠዋት እሷ መጥታ እሱን ታወርደዋለች፤ ከሰዓት በኋላ እሱ መጥቶ ብድሩን ይመልሳል። አንዳቸውም ግን የሌላውን ስም አይጠሩም። «ያ ሰውዬ» ትላለች። «ሴትዮዋ» ይላል።

የከተማውን ሰው ከሁሉ በላይ ያበሳጨው ጠባቸው ሆድ ድረስ መዝለቁ ነው። የካኒዮን አልያኒኮ የሚያህል ወይን በተራራው ዙሪያ የለም። ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ ኃይለኛ ነው፤ ብቻውን ከጠጡት ምላስ ይይዛል፣ ድድ ይጨብጣል፣ ሰውን ያስኮርፋል። ጮማ ሥጋ ሲያገኝ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ጮማውን ደግሞ የሚያውቅበት የኢንኮሮናታ ድስት ነበር። ጠቦቱን ከነአጥንቱ በሸክላ ድስት ከሽንኩርት፣ ከሴለሪና ከጥቂት ቲማቲም ጋር ከትታ፣ አፉን በሊጥ ደፍና ከጠዋት እስከ ምሳ ታበስለዋለች። ሲወርድ ዘይት ውስጥ ብቅ ጥልቅ ያለ ደረቅ ቀይ ቃሪያ ላዩ ላይ ትፈረፍርበታለች። ሳቪኖ በሕይወት እያለ ወይኑ ከሚፈላበት ዋሻ ወደ እሷ ቤት ይመጣ ነበር፤ ከባሪ ከተማ ሳይቀር ሰው እየነዳ መጥቶ ይበላ ነበር።

ሳቪኖ ከሞተ በኋላ ኢንኮሮናታ ከሜዳው አገር የሚመጣ ቀጭን ወይን ማቅረብ ጀመረች። ቀይ ካልሲ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ሰው ጠቦቱን እየበላ ያቃስታል፤ ጮማው ላንቃ ላይ ይቀራል፣ የሚያጥበው የለም። ካኒዮ በበኩሉ ወንደላጤ ነው፤ ያንን ወይን ማታ ማታ በቀዝቃዛ አይብና በእኔ ዳቦ ይጠጣና ጠዋት ፊቱ ተኮሳትሮ ይነሳል።

የሳቪኖን አሟሟት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እኛ ወይን የምንለቅመው ዘግይተን፣ ተራራው ጫፍ ላይ በረዶ ሲያስፈራራ ነው። ከዚያ ከተማው ሥር ባሉት ዋሻዎች ውስጥ በትልልቅ በርሜል ይፈላል። ሲፈላ የሚወጣው አየር ሽታ የለውም፤ ከባድ ስለሆነ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የተነፈሰውን ሰው አፍኖ ይገድላል። የሁለቱ ወንድማማቾች ዋሻ ከላይ በኩል፣ ዳገቱ ላይ፣ ይህ አየር እንዲናፈስ የተበሳ ቀዳዳ አለው። በዚያ ዓመት ብርዱ ቀድሞ ገባና ወይኑ መፍላቱን ሊያቆም ሆነ። የቅዱስ ማርቲን በዓል እየደረሰ ነበር፤ በዚያ ቀን አዲስ ወይን ያላቀረበ ምግብ ቤት መሳቂያ ነው። አንድ ጠዋት ሳቪኖ በርሜሉ ላይ የተንሳፈፈውን የወይን ልጣጭ በእንጨት ወደ ታች ሊደፍቅ ብቻውን ገባ፤ በእግሩ አልወጣም።

ያገኘው ካኒዮ ነው። ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ወንድሙን በጀርባው ተሸክሞ አውጥቶ መንገዱ ላይ አስተኝቶት ነበር፤ የራሱም ፊት አመድ መስሏል። ዳገቱ ላይ፣ ከቀዳዳው አጠገብ፣ ገለባ የታጨቀበት እርጥብ ጆንያ ወድቋል። ሁላችንም አየነው። ኢንኮሮናታም አየችው። ቀዳዳው ተወትፎ እንደነበር ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ በዚያ ዋሻ ውስጥ ደግሞ አዛዡ ታላቁ ወንድም ነው።

በቀብሩ ዕለት ሳጥኑ ፊት ቆማ ጠየቀችው። «ጆንያውን ማነው የወተፈው?»

ካኒዮ አልመለሰም። ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም ዝም። «ነፍሰ ገዳይ» አለችው፣ ቄሱም ከተማውም እየሰማ። ባርኔጣውን አደረገና ወጣ።

የአባታቸው ወይን ቦታ ሳይከፈል በካኒዮ እጅ ቀረ። ኢንኮሮናታ ከዚያ ዋሻ የወጣ ጠብታ ቤቴ አይገባም ብላ የባሏን ድርሻ እንኳን አልጠየቀችም። ያኔ ተማሪ የነበረችው ልጃቸው ሚኬላ አደገችና ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ገባች። አሥር ዓመት ያህል እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን በስተሰሜን ሩቅ ባለችው ሞዴና ከተማ ለትልልቅ ምግብ ቤቶች ወይን የምትገዛ ሲኞራ ኦርኔላ የምትባል ሴት ዳቦ ቤቴ ስልክ ደወለች። ካኒዮ ስልክ የለውም። የአጎቴ ልጅ በሚሠራበት የሞዴና ምግብ ቤት፣ እሱ ከዚህ የወሰደውን ወይን ቀምሳው ኖሯል። ወደ ባሪ ስለምታልፍ ጎራ ብላ ልትቀምሰው ትፈልጋለች፤ ነገር ግን ዋሻ ውስጥ ቆማ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ከአገሩ ምግብ ጋር። ቀኑንም ነገረችኝ።

ለካኒዮ ስነግረው አፍንጫውን ነፋ። «ሞዴናዎች ስለ ወይን ምን ያውቃሉ? እነሱ የሚጠጡት እንደ ለስላሳ የሚንፎለፎል ነገር ነው። ልጅ ሲወለድላቸው ጡጦ ውስጥ የሚያደርጉለትም እሱኑ ይመስለኛል።»

ቢሆንም ፊቱን ሊላጭ ሄደ።

ችግሩ ምግቡ ነው። ካኒዮ የሚችለው እንቁላል መቀቀል ብቻ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ አንድ ነው። ሁለት ቀን ሲቆጣ ሰንብቶ በመጨረሻ እኔን ላከኝ። ኢንኮሮናታ ቃሪያ በክር እየሰካች አገኘኋት። ነገሩን ስጨርስ መርፌውን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀኑ መቼ ነው አለችኝ። ነገርኳት። አንድ ቃሪያ ሰካችና መልሳ ጠየቀችኝ፤ መልሼ ነገርኳት።

«ይምጡ» አለች። «ወይኑን እሱ ያምጣ። ምግቡን ለእኔ ተዉት።»

ካኒዮ ይህን ሲሰማ ነገሩ መቅለሉ አላማረውም። «ስትመልስልህ ሳቀች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልሳቀችም።»

«እሱስ ደህና» አለ።

እንግዳዋ በተባለው ቀን መጣች። ጉልማሳ፣ ረጋ ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ካኒዮ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ሁለት ጠርሙስ በብብቱ ይዞ፣ ሲተፋበት የኖረውን ደፍ ተራመደ። ከውስጥ የጠቦቱ ሽታ፣ ከነሽንኩርቱ፣ በወጥ ቤቱ በር ይወጣል። የካኒዮ ትከሻ ረገብ ሲል አየሁ። እኔም ምራቄን ዋጥኩ።

ኢንኮሮናታ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወጣች። የወትሮዋ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው። ቀኑ የሳቪኖ ሙት ዓመት መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። እንግዳዋን እጇን ይዛ በማር አንደበት ተቀበለቻት፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል አለቻት። ለእኔ አንገቷን ነቀነቀች። ካኒዮ እንደ ኮት መስቀያ ታለፈ።

መጀመሪያ ሚኬላ አርቲቾክ የሚባለውን እሾሃማ አትክልት አመጣች፤ ጥሬውን፣ በስሱ ተከትፎ፣ በሎሚና በአቼቶ የታሸ። ሲኞራ ኦርኔላ ጎረሰች፤ ከዚያ ብርጭቆዋን አንስታ ጠጣች። ቅንድቧ ተንቀሳቀሰ። የዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አርቲቾክ የጎረሰ አፍ ውስጥ ወይን ይበላሻል፤ በአቼቶ ላይ ደግሞ ይሞታል። መድኃኒት መድኃኒት የሚል፣ ጎምዛዛም ጣፋጭም ያልሆነ ነገር ይሆናል። ካኒዮ ሹካውን አንስቶ አየር ላይ ያዘው። ወደ ወጥ ቤቱ አየ። ጆሮው ቀላ።

ሁለተኛው በጨው የደረቀ ዓሣ ነበር፤ በውሃ ተቀቅሎ ነጭ እንዳለ፣ እንደገና ሎሚ ተጨምቆበት። እኛ ይህን ዓሣ ስንበላ ያንን ቃሪያ በዘይቱ እናፈስበታለን፤ እሷ ቃሪያውን እንኳን ነፍጋዋለች። ዓሣውን ቀምሼ ከወይኑ ስጎነጭ ዝገት የያዘ ምስማር የጠባሁ መሰለኝ። እንግዳዋ አንዴ ተጎነጨች፣ ለይሉኝታ ያህል ደገመች፣ ከዚያ ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ ሚኬላን ውሃ ጠየቀቻት።

ካኒዮን የጎዳው ይኼ ነው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። የውሃው ጠርሙስ ሲቀመጥ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ኢንኮሮናታ» አለ። ከቀብሩ ወዲህ ስሟን ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው። «ጠቦት ይሸተኛል።»

በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ይሽተትህ። ለአንተ አልተሠራም።»

«ለእንግዳዋ ስትይ።»

«ለእንግዳዋ ዓሣ ሰጥቻለሁ። ዓሣ ምን ነውር አለው?»

ሲኞራ ኦርኔላ ዓሣው ጥሩ ነው ብላ ለማብረድ ሞከረች። ኢንኮሮናታ አመሰገነቻትና ብርጭቆዋን ልትሞላላት ጠርሙሱን አነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርሙሱን ያየችው ያኔ ነው። ጎኑ ላይ በጠመኔ ዓመቱ ተጽፏል። ሳቪኖ የሞተበት ዓመት።

አልቀዳችም። ጠርሙሱን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ይህንን ሲያፈላ ነው የሞተው። አሥር ዓመት ደብቀህ አስቀምጠኸው ዛሬ በሞተበት ቀን፣ በቤቴ፣ በጠረጴዛዬ ልትሸጠው አመጣኸው። ቀኑን እንኳን ረስተኸዋል።»

«እኔ እዚያ ዋሻ የምገባው በየቀኑ ነው» አለ ካኒዮ። «እሱን ለማስታወስ ቀን መቁጠር አያስፈልገኝም። ይሄ ወይን የሁለታችን የመጨረሻ ሥራ ነው። ከዚህ የተሻለ የለኝም። ስለዚህ አመጣሁት።»

ኢንኮሮናታ ወደ እንግዳዋ ዞረች። «ሲኞራ፣ አፍዎ ላይ የመረረዎት ዓሣው ብቻ አይደለም። ወንድሙን የገደለ ሰው ወይን ነው። የዋሻውን ቀዳዳ ማን እንደወተፈው ይጠይቁት። እኔ ጠይቄው አልመለሰልኝም፤ ለእርስዎ ይመልስ ይሆናል።»

ሲኞራ ኦርኔላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ካኒዮ እሷን አላያትም። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ቆመ፤ ረጅም ነው፣ ሲቆም ክፍሉ ጠበበ።

«እሺ» አለ። «ዛሬ እመልስልሻለሁ። የወተፈው ሳቪኖ ነው።»

ወደ ኢንኮሮናታ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ባልሽ ነው የወተፈው። ብርዱ ወይኑን አስቆመው፤ አንቺ ደግሞ በየቀኑ ለማርቲን ይድረስ፣ ለማርቲን ይድረስ፣ ሰው ይስቅብኛል እያልሽ ጆሮውን በላሽው። ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ ጆንያ አጨቀበት። የነቀልኩት እኔ ነኝ። መሬት ላይ ሆኖ ስታዪው ነቅዬ የጣልኩት ነበር፤ መጀመሪያ ዳገቱን ሮጬ እሱን ነቀልኩ፣ ከዚያ ወርጄ ገባሁ። ቀድሜ ባልነቅለው እኔም እዚያው እቀር ነበር።»

«ትዋሻለህ።»

«ዶናቶን ጠይቂው። ጆንያው ውጭ ነበር፣ አልነበረም? የተወተፈ ነገር በራሱ ይወጣል?»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ጆንያውን መሬት ላይ ማየቴን፣ ከዚያ በላይ እንደማላውቅ ተናገርኩ። እውነቱም ይኸው ነው።

ኢንኮሮናታ ጠርሙሱን ከሳህኑ ጋር አጋጭታ አስቀመጠች። «አሥር ዓመት» አለች። «ይህን ይዘህ አሥር ዓመት ዝም አልክ?»

«ሳጥኑ ፊት፣ አገር በተሰበሰበበት ነፍሰ ገዳይ አልሽኝ። እንደዚያ ካልሽኝ በኋላ ይኼን ለአንቺ የምነግርበት ምክንያት አልታየኝም። በማታውቂው ነገር ተንገብገቢ፣ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አየሁ፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር። የዓመታት ርሃቡን ያስታገሰ ሰው ፊት ነው። እንግዳዋም ያየችው ይመስለኛል፤ አንገቷን ደፋች።

ኢንኮሮናታ ግን አልወደቀችም። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው። ዓሣ ስትመርጥ፣ ሥጋ ስትመርጥ የምታይበት ዓይን ነው።

«መቼ ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ሳቪኖ ቀዳዳውን መወተፉን እንዴት አወቅህ? በቀዳዳው በኩል አትሄድም፤ ቤትህ በታች በኩል ነው። ዳገቱን ሮጬ ነቀልኩ አልክ። እዚያ ጆንያ እንዳለ ማን ነገረህ?»

ካኒዮ የዋሸ አይመስለኝም፤ መዋሸት ይችል ነበር። «ወይን ቦታው ላይ ነገረኝ» አለ። «በዋዜማው። እንዲያነሳው ነገርኩት። ጠዋት አነሳዋለሁ አለኝ።»

«ታዲያ አውቀሃል።»

«ነግሬዋለሁ እኮ ነው የምልሽ።»

«አውቀህ ወደ ቤትህ ሄድክ። አውቀህ እራትህን በላህ። እሱ ታናሽህ ነው፤ ዋሻ ሲገባ መጥፎውን አየር የሚያስታውቅ ሻማ የማይዝ፣ ለሁሉም ነገር የሚጣደፍ ልጅ መሆኑን ከእኔ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። ዳገቱን ወጥተህ በእጅህ አትነቅለውም ነበር?»

ካኒዮ አልመለሰም። እንደ ቀብሩ ቀን ነው፤ ልክ እንደዚያ ቀን ባርኔጣውን ፈልጎ አገኘና አደረገ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ። ኢንኮሮናታ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። ድስት አልወረወረችም፣ አላለቀሰችም።

እንግዳዋ ተነሳች። ይቅርታ፣ እኔ መሄዴ ነው የሚሻለው አለች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ባሪ ሳይመሽ መድረስ አለብኝ አለች።

እስካሁን ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው ሚኬላ ያኔ ተንቀሳቀሰች። ቁመቷ የአባቷ ነው፤ ብዙ አታወራም። «ሲኞራ፣ ይቀመጡ» አለች። «ምሳዎን ገና አልበሉም።»

የወጥ ቤቱን በር ከፍታ ገባች። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ተሰማ፤ ለሙት ዓመቱ ነው፣ ለዘመድ ነው፣ አትነኪው አለቻት። ሚኬላ የመለሰችው ጥቂት ቃል ነው። «ዘመድ እኔ ነኝ» አለች።

ድስቱን በጨርቅ ይዛ አመጣችና መሃል ላይ አስቀመጠችው፤ የዓሣውን ሳህን አነሳች። በቢላ ጀርባ ሊጡን ሰበረችው። እንፋሎቱ ወጣ። ለእንግዳዋ፣ ለእኔ፣ ለራሷ አወጣች፤ ቃሪያውን በእጇ ፈረፈረችበት። ከዚያ ከካኒዮ ጠርሙስ ለሦስታችንም ቀዳችና ካኒዮ የተወው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መብላት ያሳፍር ነበር። በላን እንጂ። ጠቦቱ ከአጥንቱ ይለቃል፤ ስቡ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ቃሪያው ጥርስ ውስጥ ተንኮሻኩሾ ይጠፋል። ከዚያ ላይ ወይኑ ሲመጣ ቅድም ምስማር የሆነብኝ ወይን ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። ምላስ የሚይዘው ነገር ጮማውን ይዞ ሄደ። የቀረው የደረቀ እንጆሪ፣ ትንሽ ጭስ፣ ከዝናብ በኋላ የሚሸተው የተራራችን ጥቁር አፈር ነበር። አሥር ዓመት ዋሻ ውስጥ የተኛ ቁጣ ነው፤ ግን አፍ ውስጥ ለስላሳ ሆነ። ሳቪኖን አስታወስኩት፤ ሲስቅ ሙሉ ገላው ይስቅ ነበር። ዳቦ ቆርሼ ሳህኑን መጥረግ ጀመርኩ።

ሲኞራ ኦርኔላ ስለ ወይኑ አልተናገረችም። ሁለተኛ አስቀዳች፣ ቀስ እያለች ጠጣች፣ ሳህኗን ባዶ አደረገች። ስትጨርስ ከዚህ ዓመት ወይን ምን ያህል እንዳለ ሚኬላን ጠየቀቻት።

«አጎቴ ያውቃል» አለች ሚኬላ። «ግማሹ ግን የአባቴ ነው። የአባቴ ደግሞ የእኔ ነው። የእኔ አይሸጥም።»

እንግዳዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እኔ ከካኒዮ ዋሻ ካመጣሁላት ከአዲሶቹ ዓመታት ወይን ሁለት ጠርሙስ ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዕርቅ የጠበቀ ሰው ቢኖር ሁለቱን አያውቃቸውም ማለት ነው። ካኒዮ ኮቱን አልጠየቀም፤ ኢንኮሮናታ ኮቱን በረንዳ ላይ ሰቀለችውና ዝናብ ሲመታው ከረመ። ሚኬላ ብቻዋን ካኒዮ ቤት ሄዳ የአባቷን የወይን ቦታ ድርሻ ጠየቀች። ካኒዮ ሳይከራከር ሰጣት፤ የሰጣት ግን የላይኛውን፣ ድንጋይ የበዛበትን፣ ፀሐይ ቶሎ የሚሸሸውን በኩል ነው። ዋሻውን ለሁለት በግንብ ከፈለው፤ ግንቡን የሠራው ራሱ ነው፣ አንዲት ድንጋይ እንኳን እንድታቀብለው አልፈቀደም። «አልያኒኮ በሴት እጅ አይሆንም» ይል ነበር ዳቦ ቤቴ መጥቶ። «አቼቶ ነው የምታወጣው። እናቷ ትጠቀምበታለች።»

የመጀመሪያው ዓመት በእርግጥም ወደ አቼቶው አድልቶ ነበር። ሁለተኛው ይጠጣል። በሦስተኛው ሲኞራ ኦርኔላ ተመልሳ መጣች፤ ከሚኬላ ገዛች። ከካኒዮም ልትገዛ በሩን አንኳኩታ ነበር፤ እሱ ግን የሚንፎለፎለውን ለለመደ ሰው አልሸጥም ብሎ በሩ ላይ መለሳት። ከዚያ ሙሉ ሳምንት እየመጣ ሞዴናዎችን ለእኔ ሲያማ ሰነበተ።

ኢንኮሮናታ የልጇን ወይን ለደንበኛ ማቅረብ ጀመረች። ሰው እንደገና ከባሪ መምጣት ጀመረ። አንድ ጠዋት ዳቦ ስትወስድ፣ ነገሩን ማወቅሽ ቀለል አላደረገልሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«በፊት የምጠላው አንድ ሰው ነበር» አለችኝ። «አሁን ሦስት ሆነናል። ያን ሰውዬ፣ ሳቪኖን፣ ራሴን። ሳቪኖን መጥላት ይከብዳል፣ ዶናቶ። ፎቶው አልጋዬ አጠገብ ነው።» ዳቦውን ቅርጫቷ ውስጥ አድርጋ ወጣች።

ባለፈው ለቀማ የካኒዮ ጉልበት ክፉኛ ታመመ። ሰው ቀጥሮ ለማስለቀም ኩራቱ አልፈቀደም፤ ዘለላው ግንዱ ላይ ሊበሰብስ ሆነ። ሚኬላ የራሷን ስትጨርስ ማንንም ሳታስፈቅድ ለቃሚዎቿን ይዛ ወደ እሱ ረድፍ ተሻገረች። እኔም መቀስ ይዤ ሄድኩ። ካኒዮ ከዘራውን ተመርኩዞ ዳር ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ጮኸብን። አጭር ነው የቆረጣችሁት፣ ቅጠል አስገባችሁ፣ ቅርጫቱን አትወርውሩት፣ አንተ ጋጋሪ ሊጥ መሰለህ? ሚኬላ አንገቷን ደፍታ መቁረጧን ቀጠለች።

ምሳ ከታች መጣ፤ ኢንኮሮናታ ጠቦት ሠርታ ልካለች። ሳህኖቹ ልክ በለቃሚው ቁጥር ናቸው፤ የካኒዮ የለበትም። ሚኬላ ይህን አይታ የራሷን ሳህን አንስታ ሄዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ይጥለዋል ብዬ ነበር። ሳህኑን አየው፣ ሽታው መታው መሰለኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ አንድም ሳያስቀር በላው። ሚኬላ ከራሷ ወይን በቆርቆሮ ኩባያ ሰጠችው። እሱንም ጠጣ።

«ጨው አንሶታል» አለ ሳህኑን ሲመልስ። «ወይኑም ገና ነው።»

ማታ ሚኬላ ይህን ቃል በቃል ለእናቷ ነገረቻት፤ እኔም ቅርጫት ልመልስ ገብቼ እዚያው ነበርኩ። ኢንኮሮናታ ድስቱን እየፈተገች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ጨርሶ በልቶ ነው ያንን ያለው?»

«ጨርሶ» አለች ሚኬላ።

«ነገም የእሱ ሳህን አይኖርም፤ ከራስሽ ብትሰጪው አንቺ ነሽ ጦም የምትውዪው» አለች ኢንኮሮናታ፣ እና ፍተጋዋን ቀጠለች።